ደብዳቤው ተልኳል፤ ገንዘቡም ተዛውሯል

ሁለቱ ሠራተኞች የጡረታ ገንዘባቸው ከአክሲዮን ገበያ እንዲርቅ ፈልገው ነበር። ከቀረቡላቸው አማራጮች መካከል የመረጡት ዋናው ገንዘብ የማይነካበትን፣ ትርፉ አነስ ቢልም ጸጥ ያለውን ፈንድ ነው። በ2008 መገባደጃ ላይ ገበያው ሲናድ ግን (ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገንዘባቸው አክሲዮን ያለበት ሌላ ፈንድ ውስጥ ተገኘ። አንዱ 85 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ሌላዋ 16,900 ዶላር ገደማ አጡ። መዛወሩን የሚነግር ደብዳቤ አልደረሰንም አሉ። አሠሪያቸው በበኩሉ በፖስታ ልኬያለሁ አለ። ክርክሩ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄደና በ2012 ሠራተኞቹ ተረቱ።

ነገሩ የሆነው ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ነው። አሠሪው ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የሚባል ሆስፒታል ነው። የከሳሾቹ ስም መዝገቡ ላይ ቢኖርም እዚህ አያስፈልገንም። ሰውዬውና ሴትዮዋ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አሜሪካ ውስጥ ደመወዝ የሚቀበል አበሻ ሁሉ ቢያውቀው ስለሚጠቅመው ነው። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ኤርፖርት ወይም መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድም ወረቀት ሳይፈርም ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከደመወዙ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አንድ ፈንድ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ቼኩን ሲያይ ብቻ ይነቃል። አንዳንዱ ያኔም አይነቃም። ሕጉ ይህን ሁሉ ፈቅዷል። በሠራተኛው ፊርማ ቦታ የተተካው ደግሞ አንድ ወረቀት ነው፤ ማሳወቂያው። ሉዊቪል ላይ የተነሣው ጥያቄ ያ ወረቀት ባይደርስስ የሚል ነው።

አገር ቤት ከለመድነው ጡረታ ጋር ያለውን ልዩነት በአጭሩ ልበል። ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሠራተኛው የሚመርጠው ፈንድ የለም። አበሉ በአገልግሎት ዘመኑና በደመወዙ ልክ በቀመር ይሰላል። የሆነ ገበያ ስለወደቀ አበሉ አይቀንስም። ፎር ኦ ዋን ኬና መሰሎቹ ግን በሠራተኛው ስም የተከፈተ ሂሳብ ናቸው። ፈንዱ ሲያድግ የሱ ነው፤ ሲወድቅም የሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የት ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ እዚህ ትልቅ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ግን ጡረታ ተቆረጠልኝ ብለው አገር ቤት እንደለመዱት ይተዉታል።

ከመረጡ ኃላፊነቱ የእነሱ፣ ካልመረጡስ?

የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጡረታ የሚተዳደረው ኤሪሳ በሚባለው የ1974 ሕግ ነው። ሕጉ ገንዘቡን የሚያስተዳድረውን አካል በባለአደራነት ይይዛል። ባለአደራ ደግሞ በግዴለሽነት ላጠፋው ይጠየቃል። አንድ መውጫ ግን ተትቶለታል። ሠራተኛው ራሱ ፈንዱን ከመረጠ፣ ምርጫው ባመጣው ኪሳራ አሠሪው አይጠየቅም።

ችግሩ የማይመርጡት ናቸው። እነሱም ብዙ ናቸው። አሠሪዎች ክስ ስለሚፈሩ ያልመረጠን ሰው ገንዘብ የሚያስቀምጡት የማይወድቅ ፈንድ ውስጥ ነበር። ስቴብል ቫልዩ የሚባለው ዓይነት ማለት ነው። ዋናው ገንዘብ ስለማይጎድል የሚከስ የለም። ግን ለ30 ዓመት እዚያ የተቀመጠ ገንዘብ የኑሮ ውድነቱ እየበላው፣ ጡረታ ሲደርስ የረባ ነገር አይሆንም።

በ2001 ብሪጅት ማድሪያንና ዴኒስ ሺያ የተባሉ አጥኚዎች አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞቹን ወደ ጡረታ ቁጠባ በራሱ ሲያስገባ ምን እንደሆነ ጽፈው አሳተሙ። የገባው ሰው ቁጥር በጣም ጨመረ። ሌላም ነገር ታየ። ሰው ባስገቡት መጠንና ባስገቡት ፈንድ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። 3 በመቶ ካሉት 3 በመቶ ነው። እዚህ ፈንድ ካሉት እዚያው ነው። የሚቀይር ጥቂት ነው። ይህ ግኝት የፖሊሲ ሰዎችን አነቃ። ሰው ካልተነካ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ቦታ ዕጣው ነው ማለት ነው።

ነሐሴ 2006 ላይ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የጡረታ ጥበቃ ሕግ የሚባለውን ፈረሙ። ሕጉ ለአሠሪዎች የሚፈልጉትን ሰጠ። ሠራተኛው ባይመርጥም ገንዘቡን ተገቢ በሆነ ፈንድ ካስቀመጣችሁለት፣ ራሱ እንደመረጠ ይቆጠራል አለ። ብዙ ግዛቶች ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ከደመወዝ መቁረጥን የሚከለክል ሕግ ነበራቸው። የፌዴራሉ ሕግ ያንንም ለዚህ ዓይነት ቁጠባ ሲል ሻረው፤ ማሳወቂያ ይሰጥ ብሎ በቅድመ ሁኔታ። ፊርማው በወረቀት የተተካው እዚህ ጋ ነው።

ዝርዝሩን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ጥቅምት 2007 ላይ በደንብ አወጣው። ታኅሣሥ 24 ቀን 2007 ሥራ ላይ ዋለ። ተገቢ ናቸው የተባሉት ፈንዶች በዕድሜ ልክ አክሲዮንና ቦንድ የሚያመጣጥኑት፣ ሚዛናዊ የሚባሉትና በባለሙያ የሚተዳደሩ ሂሳቦች ናቸው። ዋናውን ገንዘብ ብቻ የሚጠብቅ ፈንድ ለመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት እንጂ ከዚያ በላይ አይፈቀድም ተባለ። ስቴብል ቫልዩ ለአዲስ ገንዘብ ቀረ። ከታኅሣሥ 24 በፊት የገባው አሮጌ ገንዘብ ግን እዚያው ቢቀመጥ ጥበቃው ይሠራለታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ወረቀቱ ምን ማለት አለበት

ማሳወቂያው ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ሠራተኛው ፕላኑ (የአሠሪው የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ) ውስጥ ከመግባቱ ወይም ገንዘቡ ፈንዱ ውስጥ ከመቀመጡ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ነው። ፕላኑ የተቆረጠውን መልሶ ማውጣት የሚፈቅድ ከሆነ በገባበት ቀን ቢሰጥም ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ በየዓመቱ፣ አዲሱ የፕላን ዓመት ከመጀመሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ይደገማል።

ይዘቱ ላይ ደንቡ ግልጽ ነው። ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ ይናገር። አልፈልግም ማለት ወይም መጠኑን መቀየር እንደሚቻል ይናገር። ካልመረጡ ገንዘቡ የትኛው ፈንድ እንደሚገባ፣ ፈንዱ ምን ለማግኘት እንደሚሠራ፣ ስጋቱና ክፍያው ምን እንደሆነ ይናገር። ወደ ሌላ ፈንድ የማዛወር መብትንና ስለሌሎቹ አማራጮች መረጃ የሚገኝበትን ቦታም ያስቀምጥ። የሚጻፈው ተራው ተሳታፊ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ነው። ሚኒስቴሩ አንድ ነገር ጨምሯል። ይህ ማሳወቂያ የፕላኑ አጠቃላይ ማብራሪያ በሆነው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ መሰጠት የለበትም፤ ለብቻው ይምጣ ብሏል። ጥሩ አድርጓል። ያንን መጽሐፍ ማን ያነበዋል?

ሰው በራሱ የሚገባበት ፕላን አንዳንዴ ሌላ መብት ይይዛል። የመጀመሪያው ገንዘብ ከደመወዝ በተቆረጠ በ90 ቀን ውስጥ ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት ይቻላል። ታክሱ ይከፈልበታል፤ ያለ ዕድሜ ለሚያወጡት የሚጣለው 10 በመቶ ቅጣት ግን የለበትም። አሠሪው የጨመረው ካለ ሠራተኛው እሱን አያገኝም። ይህም ማሳወቂያው ላይ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን 90 ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ሉዊቪል ላይ የሆነው

ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። ከደንቡ በፊት ያልመረጠ ሠራተኛ ገንዘብ የሚገባው ሊንከን የሚባለው ድርጅት በሚያቀርበው ስቴብል ቫልዩ ፈንድ ውስጥ ነበር። ሰውዬውና ሴትዮዋም ገንዘባቸውን በሙሉ እዚያው አስቀምጠዋል። ልዩነቱ እነሱ መርጠውት ነው። ሌሎቹ ስላልመረጡ የገቡበትን ፈንድ እነሱ አውቀውና ፈልገው ያዙት።

አዲሱ ደንብ ሲወጣ ሆስፒታሉ ላልመረጠ ሰው የሚያዘውን ፈንድ ቀየረ። አዲሱ ላይፍስፓን የሚባል፣ አክሲዮን ያለበት የሊንከን ፈንድ ሆነ። ከዚያ የቆየውንም ገንዘብ ለማዛወር ወሰነ። እዚህ ጋ ችግር መጣ። ስቴብል ቫልዩ ውስጥ ካሉት ሠራተኞች ማን መርጦ እንደገባ፣ ማን ሳይመርጥ እንደተቀመጠ የሚለይ መዝገብ ሆስፒታሉ አልነበረውም። ስለዚህ ገንዘባቸው በሙሉ እዚያ ፈንድ ውስጥ ላለ ሁሉ ደብዳቤ ላከ። በተባለው ቀን እዚሁ ልቆይ ያላለ ገንዘቡ ወደ አዲሱ ፈንድ ይሄዳል ይላል ደብዳቤው። የተላከው በተራ ፖስታ ነው። ጊዜው የ2008 ክረምት ነበር።

ሁለቱ መልስ አልሰጡም። ገንዘባቸው ሄደ።

ከዚያ የመጣውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መስከረም 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከሰረ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ዋጋውን አጣ። ሁለቱ ሠራተኞች የሂሳብ መግለጫቸው ሲመጣ ገንዘባቸው የት እንዳለ አዩ። ወዲያው ወደ ቀድሞው ፈንድ መለሱት። መመለሱ መብታቸው ነው። ግን የወረደውን ገንዘብ ነው ይዘው የተመለሱት። ገበያው ከዓመታት በኋላ ሲያገግም እነሱ ውስጡ አልነበሩም። ይህን በእነሱ ላይ የሚፈርድ ሰው አይጠፋም፤ ለምን አልታገሡም ይላል። መጀመሪያውኑ ገበያ ውስጥ መግባት ያልፈለገ ሰው እሳቱ መሐል ታገሥ ቢሉት አይሰማም፤ ሊሰማም አይገባም።

መጀመሪያ ኪሳራው እንዲመለስላቸው የፕላኑን አስተዳዳሪ ጠየቁ። እምቢ ተባሉ። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። እዚያም ተረቱ። ይግባኝ ወደ ስድስተኛው ሰርኪዩት አሉ። ይህ ፍርድ ቤት ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ የሚቀመጥ ሲሆን የኬንታኪ፣ የኦሃዮ፣ የሚሺጋንና የቴነሲ ይግባኞችን ያያል። ሰኔ 2012 ላይ የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና።

ሁለቱ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክራቸው ለእኔ ጠንካራው ነው። ይህ ጥበቃ የተሠራው ላልመረጡ ሰዎች ነው አሉ። እኛ መርጠናል። አንድ ጊዜ ምርጫችንን ከተናገርን በኋላ አሠሪው ተነሥቶ አልመረጣችሁም ሊለን አይችልም። በተራ ሰው ጆሮ ይህ እውነት ይመስላል።

ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የተመለከተው ሚኒስቴሩ ደንቡን ሲያወጣ አብሮ የጻፈውን ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ጥበቃው በራስ ሰር ለገቡ ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። አንድ ፈንድ ከአማራጮቹ ሲወጣ፣ ፕላኑ አስተዳዳሪ ሲቀይር፣ ገንዘብ ከሌላ ፕላን ሲመጣ፣ ሠራተኛው ምረጥ ተብሎ ዝም ካለ ይሠራል። ፍርድ ቤቱ ከዚህ ተነሥቶ ሕጉ የሚጠይቀው የመምረጥ ዕድል መስጠትን ነው አለ። ድሮ የመረጠ ሰውም አሁን እንደገና ተጠይቆ መልስ ካልሰጠ፣ አሁን እንዳልመረጠ ይቆጠራል። ዝምታው አሮጌውን ምርጫ ሻረው።

ሁለተኛው ክርክር ደብዳቤው አልደረሰንም ነው። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ በቀላሉ አለፈ። የኤሪሳ መለኪያ ወረቀቱ እጅ መግባቱን አይጠይቅም። መለኪያው የተላከበት መንገድ ወረቀቱ እንዲደርስ ታስቦ የተመረጠ፣ ምክንያታዊ መንገድ መሆኑ ነው። ተራ ፖስታ እንደዚያ ነው። ላኪው በትክክል መላኩን ካሳየ፣ አንድ ሁለት ሰው አልደረሰኝም ማለቱ ጥበቃውን አያፈርሰውም። በፊርማ የሚረከቡት ፖስታ፣ ስልክ መደወል፣ ሁለተኛ ማስታወሻ፣ ይህ ሁሉ ግዴታ አይደለም።

ስለ ሁለተኛው ነጥብ ከፍርድ ቤቱ ጋር እስማማለሁ። ሌላ መለኪያ ቢኖር ኑሮ አይቻልም። ገበያው በወረደ ቁጥር አልደረሰኝም የሚል ይመጣል፤ ገበያው በወጣ ቁጥር ደግሞ ደርሶኛል ይላል። አሠሪዎቹም እንደ ድሮው የሰውን ገንዘብ ሁሉ ኑሮ ውድነት ለሚበላው ፈንድ አሳልፈው ይሰጡ ነበር።

የመጀመሪያው ግን ይከነክነኛል። መርጦ የገባንና ሳይመርጥ የተቀመጠን መለየት ያልቻለው ሆስፒታሉ ነው። መዝገብ መያዝ የነበረበት እሱ ነው። መዝገቡ ባለመኖሩ የመጣው ሸክም ግን ሠራተኛው ላይ ወደቀ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ የምትመጣው እዚህ ነው። ደንቡ የድሮውን ስቴብል ቫልዩ ገንዘብ እዚያው እንዲቆይ ፈቅዶ ነበር። አዲሱን ገንዘብ ወደ አዲሱ ፈንድ፣ አሮጌውን እዚያው ማድረግ ይቻል ነበር። ሆስፒታሉ ሁሉንም ማዛወርን መረጠ። በሕግ ስህተት አልተባለም፤ ለረጅም ዘመን ቁጠባም በጥቅሉ የተሻለ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ምርጫቸውን በፖስታ ቤት ትከሻ ላይ ጣለው።

አንድ የኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ባለሙያ ይህን ሲያነብ ሊል የሚችለውን አውቃለሁ። ሕጉ የጠየቀንን ሠርተናል ይላል። እውነቱን ነው። ግን የደመወዝ መግለጫው ላይ አንድ መስመር መጨመር፣ ምሳ በሚበላበት ክፍል ወረቀት መለጠፍ፣ አለቆች በሠራተኛ ስብሰባ እንዲያነሱት ማድረግ ስንት ያወጣል? የ85 ሺህ ዶላር ክስ ሦስት እርከን ከመከራከር በእርግጥ ይረክሳል፤ ቢያሸንፉም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው

ጉዳዩ አሁንም ሕያው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2022 የተፈረመው ሴክዩር ሁለት የሚባለው ሕግ ነገሩን ከፈቃደኝነት ወደ ግዴታ አሸጋገረው። ከዚያ ቀን በኋላ የተቋቋመ አዲስ ፎር ኦ ዋን ኬ ከ2025 ጀምሮ ሠራተኞችን በራሱ ማስገባት አለበት። መነሻው ከደመወዝ 3 እስከ 10 በመቶ ነው። በየዓመቱ አንድ አንድ በመቶ እየጨመረ ቢያንስ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ከ15 ግን አያልፍም። 10 ወይም ከዚያ ያነሰ ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቢዝነስ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ፕላኖች ነፃ ናቸው።

ስለዚህ ዝም ያለ ሰው ከደመወዙ የሚቆረጠው ራሱ በየዓመቱ ያድጋል። ዘንድሮ 3 በመቶ ነው ብሎ የረሳው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቼኩ ለምን እንዳነሰ ግራ ይገባዋል። መልሱ በየዓመቱ በሚመጣው ማሳወቂያ ላይ ተጽፏል።

የሚላክበት መንገድም ተቀይሯል። ከ2020 ጀምሮ ሚኒስቴሩ አሠሪዎች ማሳወቂያዎችን በድረ ገጽ አስቀምጠው በኢሜይል ማስታወቅ እንዲችሉ ፈቅዷል። መጀመሪያ ከዚህ በኋላ በኢሜይል ይመጣል የሚል የወረቀት ማስታወቂያ ይላካል። ሠራተኛው ወረቀት እፈልጋለሁ ካለ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። አሠሪው የሰጠው የሥራ ኢሜይልም ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንያዛለን። ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ወይም ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ሰው የሥራ ኢሜይሉን በዓመት ስንት ጊዜ ይከፍታል? ሥራ ለቆ ሲወጣ ደግሞ ኢሜይሉ ይዘጋል። ደንቡ ሠራተኛው ሲለቅ አስተዳዳሪው የሚሠራ አድራሻ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ኢሜይሉ ተመልሶ ከመጣም ችግሩን መፍታት አለበት። ቢሆንም ኢሜይል ከፖስታ በፍጥነት ይረሳል። ሴክዩር ሁለት ይህን ያየ ይመስላል። ከ2026 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፕላኖች ቢያንስ በዓመት አንድ የሂሳብ መግለጫ በወረቀት መላክ አለባቸው፤ ሠራተኛው ራሱ በኤሌክትሮኒክ ይሁንልኝ ካላለ በቀር።

ለሉዊቪሎቹ ሰዎች ነገሩን የገለጠላቸው የሂሳብ መግለጫ እንጂ ማሳወቂያው አልነበረም። ለዚህ ነው የወረቀቱን መግለጫ መመለስ ከአዲሱ ሕግ ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው የምለው።

እንግሊዝኛው የሚከብደውስ?

ተራው ተሳታፊ ይረዳው የሚለው መለኪያ አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ምን ይጠቅማል? በጣም ትንሽ። ሕጉ ማሳወቂያው ይተርጎም አይልም። ለፕላኑ አጠቃላይ ማብራሪያ ግን አንድ ደንብ አለ። ከ100 በታች ተሳታፊ ባለበት ፕላን 25 በመቶው ማንበብ የሚችለው አንድ ዓይነት የውጭ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ የእርዳታ ማስታወቂያ ይኖራል። በትልልቅ ፕላኖች ከተሳታፊዎቹ 10 በመቶው ወይም 500 ሰው ይበቃል፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ማስታወቂያው ማብራሪያውን ባይተረጉምም እርዳታ የት እንደሚገኝ ይናገራል።

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ሠራተኛው በሙሉ ማለት ይቻላል አበሻ የሆነበት ፓርኪንግ ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ባለቤቱም አበሻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ባለቤት ደንቡ ይመለከተኝ ይሆን ብሎ ቢያጣራ መልካም ነው። ደንቡ ባይመለከተውም ሠራተኞቹን ሰብስቦ በአማርኛ ቢያስረዳቸው የሚከለክለው የለም። ፎር ኦ ዋን ኬ የሌላቸው ድርጅቶች ደግሞ የግዛቱ የቁጠባ ፕሮግራም ይመለከታቸው እንደሆነ ይዩ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው አላቸው። የካሊፎርኒያው ካልሴቨርስ ከደመወዝ 5 በመቶ ይጀምራል፤ በየዓመቱ እያደገ 8 በመቶ ላይ ይቆማል። ሠራተኛው አልፈልግም ለማለት 30 ቀን አለው። እዚያም ዝም ያለ ገብቷል።

ለባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ማሳወቂያውን አለመስጠት ጥበቃውን ከማሳጣት አልፎ ያስቀጣል። ለዚህ ዓይነት ማሳወቂያ ሕጉ ያስቀመጠው ቅጣት ለእያንዳንዱ ጥፋት በቀን እስከ 1,000 ዶላር ነው። መጠኑ በየጊዜው ከዋጋ ንረት ጋር ስለሚስተካከል ዛሬ ከዚያ በላይ ነው። ሆስፒታሉን ያዳነው መላኩን ማሳየት መቻሉ ነው። ማን፣ መቼ፣ ወደ የትኛው አድራሻ ላከ የሚለው መዝገብ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ሠራተኛው ሲቀጠር የፈረመው የፈንድ ምርጫም እንዲሁ፤ ሆስፒታሉ ያጣው እሱን ነበርና።

ሠራተኛውስ? ከፕላኑ አስተዳዳሪ የመጣ ፖስታ ሁሉ የሚጣል የንግድ ማስታወቂያ አይደለም። «አኑዋል ኖቲስ»፣ «አውቶማቲክ ኢንሮልመንት» ወይም «ዲፎልት ኢንቨስትመንት» የሚል ርዕስ ካለው ይከፈት። መልስ የሚጠየቅበት ቀን አለው ወይ ብሎ ማየት ነው። ፈንዴን አልቀይርም የሚል ሰውም አልቀይርም ብሎ መመለስ አለበት። የሉዊቪሉ ፍርድ ትርጉሙ ይኼ ነው፤ የድሮው ምርጫ ብቻውን አይሟገትም። ደብዳቤው አልፎት ገንዘቡ ተዛውሮ ያገኘውም መብት አለው። በደንቡ መሠረት ካልመረጡ ከሚገባበት ፈንድ ቢያንስ በሦስት ወር አንድ ጊዜ መውጣት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ደግሞ ስለወጣ ብቻ ክፍያም ሆነ እገዳ ሊጣልበት አይችልም።

አድራሻም አለ። ቤት የቀየረ ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ ማስተላለፊያ ይሞላና ጨረስኩ ይላል። ፖስታ ቤቱ ተራ ደብዳቤ የሚያስተላልፈው ለ12 ወር ነው። ኤችአር ጋ ያለው አድራሻ በሱ አይቀየርም። ለቀድሞ አሠሪ የተተወ ፎር ኦ ዋን ኬ ካለ ደግሞ አድራሻውን የሚነግረው ሰው እንኳ የለም። አስተዳዳሪው ድርጅት ጋ ራሱ ደውሎ ማስቀየር አለበት። የሚሠራ የግል ኢሜይልም አብሮ ይስጥ።